ልጄ የጀመረው የጊታር ማጉያ

ወሬው የደረሰኝ ቀን የጎረቤቴን ወገብ እየለካሁ ነበር። ቀሚስ ላሰፋ ነው የመጣሁት አለችኝ፤ ጨርቅ ግን አልያዘችም። «ጨርቁስ?» ስላት «ብቻ ለኪኝ፤ በኋላ አመጣዋለሁ» አለች። ሜትሩን ሳዞርባት ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል። «በርዶሻል እንዴ?» አልኳት። ቀና ስል በሩ ላይ ባሏ ቆሟል፤ ከሱ ኋላ የሰፈሩ ሴቶች አሉ፤ አንዳቸውም ፊቴን አያዩም።

«የትኛው?» አልኩ። ያሳደግኋቸው ልጆች ሁለት ናቸውና።

«ኮሮጆ ነው» አለ ባሏ።

ኮሮጆ ከሆዴ የወጣው ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣለት የእህቴ ልጅ ነው፤ ከትንሽነቱ ጀምሮ ከመንገድ ያነሳውን ሽቦና ብሎን ሁሉ በከረጢት ይዞ ስለሚዞር። እሱም በተራው የእህቴን ልጅ ኤሊ አለው፤ ምሳውን በልቶ ሳይጨርስ እራት ይደርስበት ነበር። እህቴ ስትሞት ልጇን እኔ ወሰድሁት፤ ሁለቱ በአንድ አልጋ ነው ያደጉት። ኤሊ አሁን ውጭ አገር ነው።

ኮሮጆ ጊታር ይጫወት ነበር። ኤሊ የጊታር ማጉያ ገዛለት፤ ተሠርቶ ያለቀ ሳይሆን ፍርክስክሱ በሳጥን የሚመጣ፣ ቤት ውስጥ በእጅ የሚገጣጠም፣ አምፖል የሚመስሉ የመስታወት ዕቃዎች ያሉት። ሳጥኑን በመንገደኛ ላከው። ትራንስፎርመር የሚባለውን ከባድ ብረት ግን የመንገደኛው ሻንጣ አልቻለውም። ቆይቶ ለሌላ ሰው ሰጠው፤ ሰውየው የሚገባው ሌላ ከተማ ነበር። ልጄ ያንን ብረት ሊቀበል በአውቶቡስ ሄደ። ተቀብሎ ሲመለስ አውቶቡሱ ተገለበጠ። ቦርሳውን አመጡልኝ። ብረቱ አንድ ጭረት የለበትም።

ከኤሊ ጋር በስልክ ስንገናኝ ከማልቀስ በቀር ቃል አልወጣን ስላለ እንጻጻፍ ተባባልን። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ነው፤ እጄም ለጽሑፍ ቀርፋፋ ነው። ደብዳቤዎቹን እንደተጻፉ አስቀምጫቸዋለሁ። የኔን እሱ መልሶ ልኮልኛል፤ የሱንም እንዳሳያችሁ ፈቅዶልኛል።

ጥቅምት 12

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለኤሊዬ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። የሰው አገር ብርድ አይንካህ፤ የአለቃህን ልብ ያራራልህ። እኔ ለክፉ አልሰጥም፤ እበላለሁ፣ እሰፋለሁ። የዩኒፎርም ወቅት አልፎ አሁን ዚፕ መቀየርና ቂጡ የተቀደደ ሱሪ መጣፍ ነው።

የጻፍኩልህ ስለ ሳጥኑ ነው። የስፌት መኪናዬን ወደ ኮሮጆ ክፍል አዛውሬዋለሁ፤ መስኮቱ ትልቅ ስለሆነ ብርሃኑ ይሻላል። ታዲያ ፊት ለፊቴ የሱ ጠረጴዛ አለ። የማጉያው የብረት ቀፎ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተገልብጧል። ግማሹን ሽቦ አያይዞታል፤ የቀረው በየፌስታሉ ነው። ተቆርጦ ያልተሰፋ ልብስ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ተቆርጦ ያልተሰፋ ልብስ ቤቴ ውስጥ ሲያድር አልወድም።

ከዳቦ ቤቱ ጎን ላለው ሬዲዮ ጠጋኝ አሳየሁት። ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና «እመቤቴ፣ ይህ እኮ የአያቶቻችን ዘመን ነገር ነው። ማን ይነካዋል?» አለኝ።

«አንተ ጠጋኝ አይደለህም እንዴ?»

«በስም ነው። አሁን የሚመጣው ሬዲዮ አይከፈትም። እኔ የምኖረው ባትሪ ሸጬ ነው።»

ስለዚህ ራሴ ልጨርሰው ነው። አትሳቅ። መመሪያው በውጭ ቋንቋ ነው፤ ዕቃውን ስትገዛ ኮፒውን እንዳስቀረህ ኮሮጆ ነግሮኛል። ገጽ በገጽ በኛ ቋንቋ ጽፈህ ላክልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ልጄ የጀመረው ነገር ድምፅ ሲያወጣ መስማት ነው የምፈልገው።

አክስትህ

ኅዳር 28

ውድ አክስቴ፤

እንደምን ከረምሽ? ሰማይ ምድሩን የያዘው አምላክ አንቺንም ይያዝልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ ከደረሰኝም ቆይቷል። ይቅር በይኝ፤ ሥራ ነው። የምሠራው ማቀዝቀዣ መጋዘን ውስጥ ነው፤ በጓንት እስክሪብቶ አይያዝም፣ ጓንቱ ሲወልቅ ደግሞ ጣት አይታዘዝም።

ጉልበትሽ እንዴት ነው? ጣሪያውስ አሁንም ያፈሳል? ያ መስኮታችን ሥር እየቆመ የሚያፏጨው ጎረቤት አለ? የሰፈራችን አስተማሪስ?

ስለ ሳጥኑ አስቤበታለሁ። አክስቴ፣ ተዪው። ላንቺ የሚሆን ነገር አይደለም። ለሙያ ትምህርት ቤት ብትሰጪው ልጆች ይማሩበታል። ይልቅ ለስፌት መኪናሽ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሞተር አይቻለሁ፤ እግርሽን ያሳርፍልሻል። የመኪናሽን ዓይነት ጻፊልኝና ሰው ሳገኝ እልካለሁ።

ሰፈሩን ሁሉ ሰላም በይልኝ።

ኤሊ

ታኅሣሥ 15

ይድረስ ለኤሊ፤

ጤና ይስጥህ። ስለ ጉልበቴ ጠይቀሃል፤ ጉልበቴ ደህና ነው። ስለ ጣሪያው ጠይቀሃል፤ ያፈሳል። የሚያፏጨውም አለ፤ ያፏጫል። አስተማሪዋም አለች። የጠየቅኩህን ግን አልመለስክም።

ሞተር አልፈልግም። እግሬ ፔዳል ካልረገጠ እጄም አይሠራም። ለትምህርት ቤት ስጪው ያልከውን ደግሞ እንዳላነበብኩት ቁጠረው።

ጠጋኙ ጋ ተመልሼ «መበየጃ አውሰኝ» አልኩት።

«ምን ሊያደርጉበት?»

«ልበይድበት።»

«ምን?»

«የልጄን ዕቃ።»

ራሱን አከከ። «ያቃጥላል እኮ» አለኝ።

«ካውያም ያቃጥላል። ስንት ዘመን ይዤዋለሁ፤ አንተ ገና ሱሪ ሳትለብስ።»

ሰጠኝ። የሚቀልጠውን የእርሳስ ሽቦም ጨመረልኝ። በባዶ የሻይ ቆርቆሮ ላይ እየተለማመድኩ ነው፤ ቆርቆሮው የዶሮ ኩስ የነካው መስሏል። አንተ ብቻ ነህ የቀረኸው። መጋዘኑ ቀዝቃዛ መሆኑን ሰምቻለሁ፤ አዝናለሁም። ግን አንድ ገጽ መጻፍ ሰው አይገድልም።

አክስትህ

ጥር 20

ውድ አክስቴ፤

ሰላምሽ ይብዛ፤ ዓይንሽን ያበርታልኝ። እሺ። ግትርነትሽን ረስቼው ነበር፤ አስታወስሽኝ።

ከዚህ ጋር የመካከሉን ገጾች ልኬያለሁ። ስንዴ የሚያካክሉት፣ ወገባቸው ላይ ባለቀለም ቀለበት ያሰሩት፣ ሬዚስተር ይባላሉ። ቀለበቱ ቁጥራቸው ነው። ሰው የሚሳሳተው ቡናማውንና ቀዩን እየለዋወጠ ነው፤ በፀሐይ ብርሃን እያየሽ ለያቸው። አምፖል የምትያቸው ደግሞ ስማቸው ቫልቭ ነው፤ እስከ መጨረሻው ከተጠቀለሉበት ጥጥ ውስጥ አታውጫቸው። የት ምን እንደሚበየድ በቁጥር አድርጌልሻለሁ፤ ቁጥሩን ከሥዕሉ ጋር አስተያዪ።

ከባዱን ነገር አሁን አትንኪው፤ እሱ በኋላ ነው። ሶኬትም ላይ እንዳትሰኪው፤ በልጅሽ ይሁንብሽ። የሚሰካበት ጊዜ ሲደርስ እኔ እነግርሻለሁ። እስኪ ቀስ በይ። የሚያጣድፍሽ የለም።

ኤሊ

የካቲት 18

ይድረስ ለኤሊዬ፤

የላክኸው ደረሰኝ፤ እጅህ ይባረክ፣ ጓንትህም ይሙቅ።

ቀለሙ አላስቸገረኝም። ቡናማ ክር ቀይ ነው ብሎ ሊሸጥልኝ የሞከረ ነጋዴ ብዙ ነው። ያማረረኝ እርሳሱ ነው። ይቀልጣል፣ ከዚያ እኔ የምፈልገው ቦታ ሳይሆን እሱ ደስ ያለው ቦታ ይቀመጣል። አንዱን ስይዝ ሌላው ይለቃል። የለቀቀውን ልመልስ ስል የያዝኩት ይነቀላል። አመልካች ጣቴ ተቃጥሎ ቁልፍ መትከል አቅቶኝ ሰነበትኩ። አንድ ቀን ጠብታው የደንበኛ ሱሪ ላይ ወረደ፤ ጉልበቱ ላይ በሳው። ባለቤቱ መጥቶ አየና «እኔ እኮ ዚፕ ቀይሪልኝ እንጂ መስኮት ክፈቺልኝ አላልኩሽም» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ጨርቅ አምጥቼ ጣፍኩለት።

ሁለት ጊዜ ወርውሬው ልወጣ ነበር። አንዴማ መበየጃውን ነቅዬ፣ ጠጋኙ ደጃፍ ድረስ ሄጄ፣ ሱቁን ዘግቶ ስላገኘሁት ተመለስኩ።

አሁን ግን ደስ የሚልህን ልንገርህ። ኮሮጆ የሠራውን ግማሽ አይተኸዋል? ሽቦው ሁሉ እንደፈለገ ነው። አንዱ በዚህ ይዘላል፣ አንዱ በሌላው ጀርባ ይሻገራል፣ አንዱ ታጥፎ ጥግ ይገባል። ጫፉ ያልተጠለፈ ልብስ ይመስል ነበር። እንደዚያ ተደርጎ ሰው ቤት ይገባል? ፈታሁትና እንደገና ሠራሁት። ሽቦዎቹን ረዘም ረዘም አድርጌ፣ ሁሉንም ጎን ለጎን አስተኝቼ፣ ሰም በተቀባ ክር አሰርኳቸው። ብታየው ሹሩባ ነው። ጠጋኙ እንኳ አይቶ «ይህንስ ፋብሪካም አይሠራው» አለኝ። ልጄ የጀመረው ነገር አሁን ለዓይን የሚሞላ ሆኗል።

የቀረኝ የመጨረሻው ገጽ ነው፤ ብረቱ የሚገጠምበትና የሚሰካበት። ቶሎ ላክልኝ።

አክስትህ

መጋቢት 25

ውድ አክስቴ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ጣትሽ ዳነ? ቅባት ነገር አድርጊበት።

የመጨረሻው ገጽ እኔ ዘንድ የለም። ቤት ስቀይር ውሃ ነካው መሰለኝ። ሹሩባ አድርገሽ ከሠራሽው ደግሞ ምን ቀረው? እንደ ጌጥ አስቀምጪው። አንዳንድ ሰው እንዲህ ያለ ዕቃ መደርደሪያ ላይ ያኖራል።

እዚህ በረዶው ቀልጧል፤ መንገዱ ጭቃ ነው። ሥራ በዝቶብኛል።

ኤሊ

ሚያዝያ 6

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ጤና ይስጥህ። ዛሬ ሰላምታዬ አጭር ነው።

ከልጅነትህ ጀምሮ ስትዋሽ «መሰለኝ» ትላለህ። ስኳሩን ድመት የላሰው መሰለኝ። ደብተሬን ንፋስ የወሰደው መሰለኝ። አሁን ደግሞ ውሃ ነካው መሰለኝ።

ገጹ እኔው ጋ አለ። የጠፋው የሚያነብልኝ ሰው ነው። አስተማሪዋ ጋ ወሰድኩት። መነጽሯን አደረገች፣ አንድ መስመር አነበበች፣ መነጽሯን አወለቀች።

«ምን ይላል?» አልኳት።

«ይገድላል ይላል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚህ በላይ ምን ልትሰሚ ፈለግሽ? እኔ አላነብልሽም፤ በእግዚአብሔር ተይኝ።» ወረቀቱን አጥፋ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስታየኝ አንገቷን ሰበር አድርጋ ነው ሰላም የምትለኝ። ሰው ሁሉ እንደ ብርጭቆ ይይዘኛል። ዳቦ ቤት ወረፋ እንኳ ያስቀድሙኛል። መሮኛል።

አንድ ነገር ልንገርህ። እስከ ዛሬ በጻፍክልኝ ውስጥ ትራንስፎርመር የሚለውን ቃል አንድም ጊዜ አልጻፍክም። «ከባዱ ነገር» ትላለህ። እኔ በየቀኑ አቧራውን እጠርግለታለሁ። እኔ ነክቼው፣ አንተ ስሙን መጻፍ አቃተህ?

ገጹን ላክልኝ። ካልላክህም እሰካዋለሁ።

አክስትህ

ሰኔ 2

አክስቴ፤

ይህን ደብዳቤ ስጽፍና ስቀድ ከረምኩ።

ትራንስፎርመር። ይኸው ጻፍኩት።

ሰውየው ወደዚያ ከተማ እንደሚገባ አውቅ ነበር። «ትንሽ ብንጠብቅ በቀጥታ ወደናንተ የሚመጣ ሰው አገኛለሁ» አልኩት ኮሮጆን። «አንተ ኤሊ! አንተን ስጠብቅ ጥርሴ ይረግፋል። ላከው፣ እኔ ሄጄ እቀበለዋለሁ» አለኝ። ተሳሳቅን። ላክሁት። በሕይወቴ የፈጠንኩት ያኔ ብቻ ነው።

ድምፄ ስልክ ላይ የማይወጣው ለዚህ ነው። ለለቅሶው ያልመጣሁትም ለዚህ ነው። ፈቃድ ከለከሉኝ ብዬሽ ነበር። አልከለከሉኝም፤ አልጠየቅኋቸውም። ያንቺን ዓይን እንዴት ብዬ አያለሁ?

ገጹም ውሃ አልነካውም። ፈርቼ ነው። ይህ ዕቃ ከሶኬት ተነቅሎ እንኳ ውስጡ ኤሌክትሪክ ያቆራል፤ ያውም ግድግዳው ላይ ካለው የባሰ። አንዱን በላክሁት ዕቃ ቀብሬያለሁ። አንቺም ብትነኪው ቤቱን የጨረስኩት እኔ ነኝ። ስለ ጉልበትሽና ስለ ጣሪያሽ ስጠይቅ የከረምኩት እንድትረሺው ብዬ ነበር።

ግን እንደምትሰኪው አውቃለሁ። ሳታውቂ ከምትሰኪ አውቀሽ ሰኪ። ሙሉው ከዚህ ጋር አለ፤ ዋናውን እዚህም ልድገምልሽ። ብቻሽን አትሁኚ። የጎማ ጫማ አድርጊ። አንድ እጅሽን ከጀርባሽ አድርገሽ በአንዱ ብቻ ሥሪ፤ በሁለት እጅ ከነካሽው መንገዱ በልብሽ በኩል ነው። ስፒከሩ ሳይገናኝ አትለኩሺው። በመሰኪያው ሽቦ መሃል ጠጋኙ አንድ ተራ የቤት አምፖል ይግጠምልሽ። አምፖሉ ቦግ ብሎ እንደበራ ከቀረ ስህተት አለ፤ ንቀይው። ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። ከነቀልሽው በኋላም ጠጋኙ በቴስተሩ ለክቶ ባዶ ነው ሳይልሽ ጣትሽን አታስገቢ።

ከዚያ ጻፊልኝ። ሌላው ቢቀር እጅሽ ደህና መሆኑን ጻፊልኝ።

ኤሊ

ሰኔ 24

ይድረስ ለልጄ፤

እጄ ደህና ነው። አስቀድሜ የጻፍኩት ሌላውን ረጋ ብለህ እንድታነብ ነው።

ተናድጄብሃለሁ። ብረቱን ስለላክህ ግን አይደለም። እሱ ላከው አለህ፣ ላክህለት፤ እኔም ብሆን እልክለት ነበር። ኮሮጆን እንቢ ያለው ማን አለ? ወሬው የመጣ ቀን አፌ ያመለጠኝ ቃል «የትኛው?» ነበር። ሁለት ስላላችሁኝ ነው። የሱን ስም ሲጠሩ አንተ አለህልኝ ማለት ነበር። ከዚያ አንተ ደግሞ ዝም አልክ። አንዱ ሞተብኝ፣ አንዱ ስለ ጣሪያ ይጠይቀኛል። የተናደድኩት በዚህ ነው። ስለዚህ ነገር ሌላ አልጽፍም።

አሁን ስለ ዕቃው ስማ። ብረቱንና ስፒከሩን በገጹ እንደተጻፈው ገጥሜ ጠጋኙን ጠራሁት። አምፖሉን ገጠመልኝ፣ ከዚያ ሄዶ በር ላይ ቆመ።

«ግባ እንጂ» አልኩት።

«ከዚህም ይታየኛል።»

«አንድ ነገር ብሆን ከዚያ ሆነህ እንዴት ልታድነኝ ነው?»

«ሮጬ ሰው እጠራለሁ።»

የጎረቤቴን ባል የጎማ ቦት ጫማ አድርጌ፣ ግራ እጄን በሽርጤ ማሰሪያ ከኋላ አስሬ ሰካሁት። አምፖሉ ቦግ አለና ደበዘዘ። ደህና ነው። ቫልቮቹ ቀስ እያሉ ቀሉ። ደስ አለኝ፤ አልደብቅህም። «አየኸው!» ስለው ነበር ጠጋኙን፣ ማጉያው ሲጮህ።

ጩኸት ስልህ ጩኸት አይደለም። ቢላዋ በሰሃን ላይ ሲፋቅ፣ እሱ ሺህ ሆኖ። የሰፈሩ ውሻ በሙሉ ተነሳ። ያ የሚያፏጨው እንኳ ዝም አለ። ጠጋኙን ዞር ብዬ ባየው የለም፤ አንድ እግር ነጠላ ጫማው ደፉ ላይ ቀርቷል። ነቀልኩት፣ እንደገና ሰካሁት፣ ጮኸ። የድምፁን ቁልፍ ዝቅ ሳደርገው ያለቃቅሳል፤ ከፍ ሳደርገው ያብዳል። ጊታሩን ገና አልሰካሁትም እኮ!

ወንበር ላይ ተቀምጬ ተሳደብኩ። ዕቃውን አይደለም፤ ኮሮጆን። ምኑን ነው ጀምረህልኝ የሄድከው አልኩት። ጣቴን ያቃጠልኩት፣ ደንበኛ ያስቀየምኩት፣ አንተን ያስጨነቅሁት ለዚህ ነው? ቁጥሩን አየሁ፣ ቀለሙን አየሁ፤ የተሳሳተ የለም። ምን ላድርግ? ቶሎ ንገረኝ።

አክስትህ

ሐምሌ 3

አክስቴ፤

ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ፤ ይህን የምጽፈው በምሳ ሰዓት፣ በጓንት ነው። ጽሑፌ ቢንጋደድ ለዚያ ነው። «እጄ ደህና ነው» የሚለውን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለሌላውም የጻፍሽልኝን አንብቤያለሁ። አሁን አልመልስልሽም፤ እዚህ ሰው አለ።

ጩኸቱን አውቄዋለሁ። ሹሩባው ነው። ከጊታሩ የሚገባው ሽቦና ወደ ስፒከሩ የሚወጣው ሽቦ ጎን ለጎን ሲተኙ፣ የሚወጣው ለሚገባው ያንሾካሹክለታል። የሚገባው የሰማውን አጋኖ መልሶ ይልካል፤ ያኛው እንደገና ያንሾካሹካል። ሐሜት እንደሚዞረው ማለት ነው፤ በመጨረሻ ጩኸት ይሆናል። ስለዚህ ሽቦው አጭር መሆን አለበት። ሁለቱ መገናኘታቸው ካልቀረም መስቀለኛ ይሻገሩ እንጂ አብረው አይሂዱ። ኮሮጆ ያጣመመው አውቆ ነው።

ይህን ስታነቢ እንዴት እንደምትሆኚ አውቃለሁ። በሥዕሉ ላይ ሽቦ አሳጥሩ የሚል ነበር፤ ለልብስ ሰፊ ይህን መንገር ያስፈልጋል ብዬ አላሰብኩም። ፈትተሽ ሥሪው። በመጀመሪያ ግን ጠጋኙ ይለካልሽ፤ ነጠላ ጫማውን ሊወስድ መምጣቱ አይቀርም።

አትቀየሚኝና፣ ሹሩባውንና ውሾቹን ሳስብ ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳቄን ስሰማው ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ኤሊ

ነሐሴ 9

ይድረስ ለኤሊዬ፤

ሳቅህ ደርሶኛል። ሳቅ ያብዛልህ። እኔ አልሳቅሁም።

አንተን አልተቀየምኩም። የተቀየምኩት እሱን ነው። በሕይወት ሳለ ከኋላው ቆሜ «ይህ ምን ዓይነት ዝርክርክ ነው?» ስለው «እማዬ፣ ይህ እኮ ልብስ አይደለም» ይለኝ ነበር። ለምን እንደሆነ ቢነግረኝ ምን ነበረበት? «ልብስ አይደለም» መልስ ነው?

ፈታሁት። ስፌት መፍታት ሙያዬ ነው፤ እንዲህ ከብዶኝ ግን አያውቅም። እሱ አድርጎት እንደነበረው ልመልሰው ሞከርኩ። አላስታወስኩትም። ያቃጠለኝ ይህ ነው። አንዱ በዚህ ይዘል ነበር፣ አንዱ ጥግ ይገባ ነበር፤ የትኛው? ቀዩ? ነጩ? አላውቅም። ፎቶ የለው፣ ልብ ብሎ ያየ ሰው የለ። ጠጋኙን ጠየቅሁት፤ «እኔ የማስታውሰው ሹሩባውን ነው» አለኝ። የመጨረሻ የእጅ ሥራውን በገዛ እጄ አጠፋሁት፤ ያውም አሳምርልሃለሁ ብዬ። አሁን ጠማማው የኔ ጠማማ ነው። «አይዞሽ» ብለህ እንዳትጽፍልኝ። አልፈልግም።

ይሠራል። ጩኸቱ ጠፍቷል፤ ትንሽ እዝዝ ይላል እንጂ። ከኮሮጆ ጋር ይጫወት የነበረው ፀጉር አስተካካይ መጣ። ጊታሩን አቧራውን ጠርጎ፣ ክሮቹን እየጠመዘዘ አስተካክሎ ሰካው። ቫልቮቹ እስኪሞቁ ጠበቅን። ከዚያ ተጫወተ። ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ይነቀንቃል። «እንዴት ያለ ድምፅ ነው!» ይላል።

እውነቱን ልንገርህ? አልወደድኩትም። ይሻክራል። ጆሮ ውስጥ አሸዋ እንደ ማፍሰስ ነው።

«ይህ ነው እንዴ?» አልኩት።

«ይህ ነው፣ እማማ።»

«ተበላሽቶ አይደለም?»

«ኧረ! እንዲህ እንዲል ነው የተሠራው። ሰው ይህን ድምፅ ፍለጋ ስንት ይለፋል።»

ለዚህ ድምፅ ነው እንግዲህ ልጄ አውቶቡስ የተሳፈረው። ፀጉር አስተካካዩ እስኪሄድ ጠበቅሁና ብቻዬን ክሩን አንድ ጊዜ በጣቴ መታሁት። ያው ነው። ሻካራ ነው። እሱ እዚህ ውስጥ ምን ይሰማ እንደነበር ሊገባኝ አልቻለም። እናቱ ሆኜ አልገባኝም።

አንተ ግን ታውቀዋለህ። ዕቃውን የመረጣችሁት አብራችሁ ነው፤ በስልክ ስታወሩ በር ላይ ሆኜ እሰማ ነበር፤ እሱ በአፉ ድምፁን እያስመሰለ ያሰማህ ነበር። በደብዳቤ አትንገረኝ። ደብዳቤ ሰልችቶኛል፤ የጠየቅሁት ሌላ፣ የሚመጣልኝ ሌላ። መጥተህ አጠገቤ ተቀምጠህ «ይህችን ስሚ፣ እዚህ ጋ ስሚ» በለኝ። «ያንቺን ዓይን እንዴት ብዬ አያለሁ» ብለሃል። ማየት አያስፈልግህም፤ ሁለታችንም ዕቃውን እናያለን።

ፈቃድ ጠይቃቸው። አሁን በእውነት ጠይቃቸው።

አክስትህ

ከዚህ በኋላ የመጣልኝ ደብዳቤ አጭር ነው፤ ጠይቋቸዋል፣ ፈቅደውለታል። እስኪመጣ ድረስ ማጉያውን አላስነካም፤ ፀጉር አስተካካዩ በየሳምንቱ እየመጣ ይለምነኛል።

ይህን እስከዚህ ያነበባችሁ ሁሉ፣ እናንተ በምታውቁት ቃል ለልጄ ነፍስ ጸልዩለት። ረጅም ጸሎት አያስፈልግም፤ እሱም ረጅም ነገር አይወድም ነበር። በዚያ አውቶቡስ አብረውት ለሞቱትም ጸልዩላቸው፤ ስማቸውን ከጋዜጣው ላይ ገልብጬ ይዤዋለሁ፣ እኔም አልረሳቸውም። ሹፌሩም ከነሱ ጋር ሞቷል። እሱም የወለደችው አለች። ለሱ እናንተ ጸልዩለት፤ እኔ ገና አልቻልኩም።